ግራው ያጨሳል፣ ጊቤ ላይ ይጠፋል፤ ሞተሩ ይከፈት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው።

«ጋሼ፣ ከአጎቴ የወረስኩት ቢኤምደብሊው አር 75/5 አለኝ። በፈረንጅ 1972 የተሠራ ነው። ቡና መጋዘን ውስጥ 11 ዓመት ቆሟል። ባትሪ ቀይሬ፣ ቤንዚን ሞልቼ አስነሳሁት። ጠዋት ሲነሳ በግራ በኩል ያጨሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ይጠራል። ጅማ ውስጥ ደህና ይሄዳል። ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ግን ጊቤን ተሻግሬ የወልቂጤን ዳገት እንደጀመርኩ እየደከመ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ሳስነሳው ምንም እንዳልነካው ተነሳ። ሁለት ጊዜ እንዲሁ ሆነብኝ። ያየው መካኒክ ‹ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ መከፈት አለበት› ብሎ ለእጁ ብቻ 40 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ላስከፍተው?»

አታስከፍተው ወንድሜ። ቢያንስ ገና ነው።

የነገርከኝ ሁለት ሕመም ነው። መካኒኩ አንድ አድርጎ ቆጠራቸው። የጠዋቱ ጭስ ሌላ፣ የጊቤው መጥፋት ሌላ። ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ያለቀ ሞተር ዳገት ላይ ይደክማል፤ እውነት ነው። ግን ግማሽ ሰዓት አርፎ እንደ አዲስ አይነሳም። ያለቀ ፋሻ በእረፍት አይድንም።

ቃል እንዳይምታታብን አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ሁሉንም «ሞተር» ነው የምንለው። እዚህ «ሞተር» ስል ሲሊንደርና ፒስተን ያለበትን ክፍል ብቻ ማለቴ ነው። ሙሉዋን በድሮ ስሟ ዶቅዶቄ እላታለሁ።

ከጭሱ ልጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው። ማታ ማታ በየትኛው መቆሚያ ነው የምታቆማት? በጎኑ ከሆነ መልሱን አግኝተሃል። የዚህች ዶቅዶቄ ሲሊንደሮች እንደ ክንፍ ግራና ቀኝ የተኙ ናቸው። በጎን መቆሚያዋ ስታቆማት ወደ ግራ ትጋደማለች። ሌሊቱን ሙሉ ዘይት ቀስ እያለ በግራው ፒስተን በኩል ሾልኮ ይገባል። ጠዋት ስታስነሳት እሱ ነው የሚነደው። ግራው ብቻ የሚያጨሰው፣ ትንሽ ቆይቶም የሚጠራው ለዚህ ነው። ከፋብሪካ በወጡ ጊዜም እንዲሁ ያጨሱ ነበር።

ለአንድ ሳምንት በመሃል መቆሚያዋ አቁማት። ከ200 ኪሎ በላይ ስለሆነች መጀመሪያ ትከብድሃለች። በእጅህ አትጎትታት፤ በእግርህ መቆሚያውን መሬት ላይ ረግጠህ ክብደትህን ጣልበት፣ ራሷ ትወጣለች። ከሳምንት በኋላ ጭሱ ከቀረ ስለ ፋሻ ማውራት እናቁም። ካልቀረ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበትን ግፊት፣ አስለካ። ሲለካ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ይከፈት፣ ሁለቱም ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠው) ይውጣ። የመጽሐፉን ቁጥር ግን አትጠብቅ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቁጥሩም ዝቅ ይላል። ዋናው የግራና የቀኙ ልዩነት ነው። ሁለቱ ከተቀራረቡ ሞተርህ ጤነኛ ነው። ደግሞ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና የመለካት ዘዴ አለ። ለቆመ ሲሊንደር ጥሩ ነው። ለተኛ ግን ዘይቱ ከታች ስለሚጋደም ውጤቱን ብዙ አትመነው።

አሁን ወደ ጊቤ እንውረድ።

መንገዱን አስበው። አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፈህ ወደ በረሃው ቁልቁል ስትወርድ ነዳጅ መስጫው ተዘግቶ ነው። ታች ሙቀቱ ይቀበልሃል። ድልድዩን ስትሻገር ዳገቱ ይጀምራል፤ ነዳጅ መስጫውን ትከፍታለህ፣ ሞተሩም ከተማ ውስጥ ጠጥቶት የማያውቀውን ያህል ቤንዚን ይጠይቃል። የሚጠይቀውን ካላገኘ ይደክማል፣ ይጠፋል። ስትቆም ቤንዚኑ ጠብ ጠብ እያለ ይሞላል፣ ይነሳል። ይህ አንዱ መንገድ ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ነው። የብልጭታው ዕቃዎች የሆኑት ኮንዴንሰር ወይም ቦቢና ሲግሉ ሥራ የሚያቆሙ፣ ሲበርዱ የሚመለሱ አሉ። እሱም ግማሽ ሰዓት አርፎ ይነሳል።

ሁለቱን የምትለይበት መንገድ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህቺን ዶቅዶቄ የሠሯት ሰዎች የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) የቤንዚን ኩባያ በአንዲት ሽቦ ነው የያዙት። ካቻቢቴ አያስፈልግም። ሽቦዋን በጣትህ ወደ ጎን ስትገፋት ኩባያው መዳፍህ ላይ ይወድቃል። ሲጠፋብህ እንዲህ አድርግ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አታፋልስ። መጀመሪያ ወዲያውኑ ሁለቱንም የቤንዚን ቧንቧዎች ዝጋ፤ ግራና ቀኝ አንዳንድ አሉ። ካልዘጋህ ቆመህ ስታስብ ኩባያው ይሞላና ማስረጃው ይጠፋል። ቀጥለህ የታንከሩን ክዳን ክፈትና ጆሮህን አስጠጋ። «ፍስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ከሰማህ ልብ በል። ከዚያ ጭስ ማውጫው እስኪበርድ ጠብቅ። በጋለ ብረት ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ቀልድ አይደለም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብህ እንዳይኖር። ሲበርድ የአንዱን ጎን ኩባያ አውርደህ ወደ ውስጡ ተመልከት።

ኩባያው ባዶ ወይም ጥቂት ብቻ ካለበት፣ ክዳኑም አየር ከሳበ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል። ቤንዚኑ የሚተካው አየር ስላጣ አልወርድ ብሏል። በቀጭን ሽቦ ከፍተህ ትገላገላለህ። ኩባያው ባዶ ሆኖ ክዳኑ ዝም ካለ ችግሩ ከታንከሩ እስከ ካርቡሬተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ኩባያው ሙሉ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑን ተወው፤ ብልጭታ እንዲፈጠር ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ፑንቲና ዘንድ እንሄዳለን። ከኩባያው ሥር እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካየህ ውሃ ነው። በጅማ ክረምት ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እኔ በበኩሌ ቤንዚኑ ላይ እወራረዳለሁ። «እየደከመ እየደከመ» ነው ያልከው። ኮንዴንሰር ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ያስነጥሳል፣ ይተኩሳል፣ ድንገት ይቆርጣል። ደግሞ 11 ዓመት የቆመ ታንከር ውስጡ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንተ አዲስ ቤንዚን የሞላኸው አሮጌ ዝገት ላይ ነው። ዝገቱ ተነስቶ የቧንቧዎቹን ወንፊት ሸፍኖታል። ከተማ ውስጥ የሚያልፈው ይበቃል፤ ዳገት ላይ አይበቃም።

ታንከሩን አውርድ። ቧንቧዎቹን ፍታና ወንፊቱን እይ። ቡናማ ጭቃ ከያዘ ጨርሰናል። ታንከሩን በኮምጣጤ ሞልተህ አንድ ሁለት ቀን አሳድረው። ገልብጠው፣ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጥበው፣ ቶሎ አድርቀው፣ ወዲያው ቤንዚን ጨምርበት። እርጥብ ሆኖ ካደረ ዝገቱ በማግስቱ ይመለሳል። ጠጠርና ሰንሰለት ጨምረው የሚያናውጡም አሉ። እኔ አልወደውም፤ ከውስጥ ቀጭን ቀለም የተቀባ ታንከር ከሆነ ቀለሙን ቅርፊት ቅርፊት ያደርገውና አዲስ መደፈኛ ይሆናል። ጎማ ቱቦዎቹንም አብረህ ቀይር።

ታንከሩ ወርዶ ሳለ የአየር ፊልትሮውን ክፈት። አንድ ጊዜ እንዲሁ መጋዘን ከቆመች ዶቅዶቄ ውስጥ የአይጥ ጎጆ አውጥቻለሁ። በቡና ገለባ የተነጠፈ፣ በጣም ያማረ ቤት ነበር። ያንተም መጋዘን ቡና ነበር ብለኸኛል።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ ሰርቪሷ ይቀጥላል። ሥርዓቱ ቫልቭ፣ ከዚያ ብልጭታ፣ ከዚያ ካርቡሬተር ነው። ብዙ ሰው ከካርቡሬተር ይጀምራል፤ እዚያ ብሎን ማዞር ቀላል ስለሆነ። ግን ቫልቩን ስትነካ የሚስበው አየር ይለወጣል። ብልጭታውን ስትነካ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጥ የሚዞርበት ፍጥነት) ይለወጣል። ካርቡሬተሩን አስቀድመህ ካስተካከልክ ሁለት ጊዜ ትሠራለህ።

የቫልቭ ሥራ እዚህች ዶቅዶቄ ላይ ደስ ይላል። ሲሊንደሮቹ በጎን ስለወጡ ሁሉም ነገር ፊትህ ነው። እኔ ባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው። ከፍታዋ ለዚህ ተብሎ የተለካ ይመስላል። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን፤ አሳድረው። ካንዴላዎቹን አውጣ። በመሃል መቆሚያዋ አቁመህ አራተኛ ማርሽ አስገባና የኋላ ጎማውን በእጅህ አዙር፤ ሞተሩ አብሮ ይዞራል። ከሞተሩ በግራ በኩል ትንሽ የጎማ ድፍን አለ። ስትነቅላት በቀዳዳው ውስጥ የሚዞረው ብረት ይታያል። «ኦቲ» የሚል የላቲን ፊደል ምልክት መሃል ላይ ሲመጣ ሁለቱም ፒስተኖች ጫፍ ላይ ናቸው። አሁን የሁለቱንም ጎን ክዳን አውርድ፤ ዘይት ስለሚንጠባጠብ ከሥር ሳህን አኑር። ቫልቭ የሚገፉትን ክንዶች ነካ ነካ አድርግ። አንዱ ጎን ላይ ሁለቱም ትንሽ ይንቀጫቀጫሉ። የምትሠራው እሱን ነው። ሌላውን ጎን ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር አዙረህ «ኦቲ» እንደገና ሲመጣ ትሠራዋለህ።

ክፍተቱን ከመለካትህ በፊት የቴስታታውን (የሲሊንደሩን ራስ) ዳዶዎች በቶርክ መፍቻ ፈትሽ። 35 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃል። ከዚያ በላይ አትሂድ። ብሎኑ የተተከለበት አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ይነቀላል። የተነቀለ ጥርስ ቶርኖ ቤት ይወስድሃል። ከዚያ የክፍተት መለኪያውን ቅጠል አስገባ። የአየር ማስገቢያው 0.15፣ የጭስ ማውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። ቅጠሉ ሲንሸራተት በመጽሐፍ ገጾች መሃል እንደሚጎተት ወረቀት ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት። ዳዶውን ስታጠብቅ ክፍተቱ ይለወጣል፤ አጥብቀህ እንደገና ለካ። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ትንሽ ኳ ኳ ማለቱ አያስፈራህ። ዝም ያለው ነው የሚያስፈራኝ። ክፍተት ያጣ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ይቃጠላል። የጭስ ማውጫው ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ከመጣብህ ቫልቩ ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ነው። ያን ጊዜ ቴስታታው ይውረድ ብለህ ራስህ ትነግረኛለህ።

ብልጭታ ላይ ስንደርስ ከምንም በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀል። ፑንቲናው ከሞተሩ የፊት ክዳን ሥር ነው፤ ዲናሞውና ዳዮዶቹም እዚያው ናቸው። ክዳኑ ሲወጣ የዲናሞውን መገናኛ ከነካ ዳዮዱ ይቃጠላል። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። የመጀመሪያዋን እንዲህ ያለች ዶቅዶቄ ስከፍት ቸኮልኩ። «ጭስ» አለች፣ አንዲት ሰማያዊ ብልጭታ ታየች፣ አለቀ። ደንበኛዬ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ አራት ወር በእግሩ ሄደ። ዋጋውን እኔ ከፈልኩ። እስከ ዛሬ ያንን ክዳን ስነካ እጄ መጀመሪያ ወደ ባትሪው ይሄዳል።

የፑንቲናው ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40፣ የካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። የፑንቲናው ፊት ጠቁሮ ተቦርቡሮ ከሆነ አትሞርደው፣ ቀይረው። ኮንዴንሰሩንም አብረህ ቀይር፤ ዋጋው ትንሽ፣ ጣጣው ብዙ ነው። መንገድ ላይ ከጠፋብህ የቮልስ ኮንዴንሰር ከውጭ በሽቦ ታስሮ ቤት ያደርስሃል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የትኛው ጎን እንደሞተ ለማወቅ የካንዴላ ሽቦ ነቅሎ አየር ላይ መተው የእኛ ሰፈር ልማድ ነው። እዚህች ላይ አታድርገው። ሁለቱ ቦቢናዎች ተከታትለው የተያያዙና አብረው የሚተኩሱ ናቸው። መውጫ ያጣው ብልጭታ ቦቢናውን ከውስጥ ይበሳዋል። መንቀል ካለብህ ሽቦውን ትርፍ ካንዴላ ላይ ሰክተህ ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካው። ደግሞ ፑንቲናውና ኮንዴንሰሩ የሁለቱም ጎን የጋራ ስለሆኑ፣ አንድ ጎን ብቻ ሲሞት እነሱን አትጠርጥር።

ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቦቢና፣ ቴስታታ… ጣሊያን ጅማን ከለቀቀ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል። የጀርመን ዶቅዶቄ በጣሊያንኛ ስናክም ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ።

ካርቡሬተሩ የመጨረሻ ነው። ከላይ ያለውን ክዳን አራት ብሎን ፈትተህ ክፈት። ውስጡ ጥቁር ስስ የጎማ ዲያፍራም አለ። አውጥተህ ወደ ፀሐይ ያዘው። እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለች ብርሃን ካየህ ሞቷል። ያ ጎን ነዳጅ ስትሰጠው አይነሳም፣ ይጎተታል። በማጣበቂያ አይጠገንም፤ በከንቱ አትድከም። በቤንዚንም አትጠበው፣ ያብጣል። ጂግለሮቹን (ቤንዚን በልክ የሚያሳልፉትን ባለ ቀዳዳ ብሎኖች) በሽቦ አትፈልፍላቸው፤ ቀዳዳቸው ይሰፋል። እኔ ከጭራ ላይ አንድ ፀጉር መዝዤ ነው የማጸዳቸው። ከዚያ በአየር ፓምፕ መንፋት ነው። የሚኒሞውን ማስተካከያ ቀስ ብለህ እስኪነካ ዝጋና አንድ ዙር ገደማ ክፈተው። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ በጆሮህ ታስተካክለዋለህ። ግራና ቀኙ እኩል እንዲጎትቱ ገመዶቹ ላይ ሁለቱም እኩል ትንሽ ልል ይሁኑ።

ዘይት ላይ አልረዝምም። ለሞተሩ 20 ደብሊው 50፣ ከፊልትሮው ጋር ሁለት ሊትር ከሩብ። ፊልትሮውን ስትቀይር የክዳኑን ቀለበት ጎማ በአሮጌው አትመልስ፤ እሷ ካልገጠመች የዘይት ግፊቱ ይወርድና ያን ጊዜ በእርግጥ ሞተር ይከፈታል። ለካምቢዮው (ለማርሽ ሳጥኑ) 80 ደብሊው 90፣ ስምንት መቶ ሚሊ ሊትር። ለኋላው ጥርስ ሩብ ሊትር። ሰንሰለት የላትም፤ በዘንግ ነው የምትሄደው፤ የዘንጉን ዘይት ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ነው።

የካምቢዮውን ዘይት ስታፈስ ግን ቀለሙን እይልኝ። የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድ ካምቢዮው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ትንሽ የጎማ ቆብ አለች። ስትሰነጠቅ የዝናብ ውሃ በዚያ ይገባል። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ጠጥቷል። የእኛን ክረምት ታውቀዋለህ፤ እዚህ ከተማ ያየኋቸው ሁሉ ከሞላ ጎደል ማኪያቶ ነበሩ። ሁለት ጊዜ አጥበህ ቆቡን ቀይር። ካልቀየርክ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ካምቢዮውም መዘመር ይጀምራል።

ጎማዎቹ የአጎትህ ከሆኑ ጥርሳቸው ቢያምርም ጣላቸው። የደረቀ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ሳሙና ነው። ፍሬኑም ከፊትም ከኋላም በከበሮ የሚሠራ ነው። ከበሮውን ስትከፍት አቧራውን በአፍህ እንፍ አትበል፤ የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። የጊቤን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አትውረደው፤ ይግልና መያዝ ያቆማል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተህ ሞተሩ ይያዝልህ።

ዕቃ ላይ ገንዘብህን እንዲህ አውጣ፤ ሁለት ዲያፍራም፣ ፑንቲና፣ ኮንዴንሰር፣ የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን፣ የዘይት ፊልትሮ ከነቀለበቱ፣ የካምቢዮዋ ቆብ። ውጭ አገር ዘመድ ካለህ ሁሉም አንድ ትንሽ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ለዚህች ዶቅዶቄ ዕቃ ዛሬም ይሠራል።

ሲያልቅ በቀጥታ አዲስ አበባ አትሂድ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሙከራ ሩቅ ነው። መጀመሪያ ሰርቦ ደርሰህ ተመለስ። ቆመህ ሁለቱንም የጎማ እምብርት በእጅህ ዳስስ፤ የጋለው ጎን ፍሬኑ ይዞታል። በማግስቱ ቀዝቃዛ ሳለ ቫልቩን እንደገና ለካ። ከዚያ አሰንዳቦ። ከዚያ ጊቤ ድረስ ውረድና ያንኑ ዳገት ወጥተህ ተመለስ። ከጠፋብህ ቧንቧዎቹን ዝጋ፣ ክዳኑን አድምጥ፣ ኩባያውን አውርድ። ሙሉ ነው ወይስ ባዶ? እሱን ጻፍልኝ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።